ፈውሱ ሳይመጣ የረዘመ ዕድሜ

ዱሼን የሚባለው የጡንቻ መመናመን በዘር የሚተላለፍ፣ ከዓመት ዓመት እየከፋ የሚሄድ የልጆች በሽታ ነው። ልጁ ሲወለድ ጤነኛ ይመስላል፤ ይጠባል፣ ይፋፋል፣ ይስቃል። ከእኩዮቹ ትንሽ ዘግይቶ ይቆማል፤ ዘግይቶ ይራመዳል። ሦስት አራት ዓመት ሲሞላው ሌሎቹ ሲሮጡ እሱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ደረጃ ሲወጣ ግድግዳ ይደገፋል፤ በጣቶቹ ጫፍ ይራመዳል፤ ቶሎ ቶሎ ይወድቃል። ከመሬት ሲነሣ ደግሞ በአራት እግሩ ይሆንና እጆቹን መጀመሪያ ጉልበቱ ላይ፣ ቀጥሎ ጭኑ ላይ እያሳረፈ የገዛ አካሉን እንደ መሰላል ወጥቶ ይቆማል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ጋወርስ ይህን አነሣሥ እ.ኤ.አ. በ1879 በዝርዝር ስለጻፈው ዛሬም በሐኪሞች ዘንድ በስሙ ይጠራል።

ቤተሰብን የሚያዘናጋው የልጁ ባት ነው። ወፈር፣ ደንደን ስለሚል ጉልበተኛ ያስመስለዋል። ውፍረቱ ግን በአብዛኛው የጠፋውን ጡንቻ የተካው ስብና ጠባሳ ነው።

በሽታው ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ሕመምተኞቹን በጥንቃቄ ካጠናው ፈረንሳዊ ሐኪም ከጊዮም ዱሼን ነው። ከእሱ አሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ኤድዋርድ ሜርዮን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በአንድ ቤት የተወለዱ ወንድማማቾች በተመሳሳይ ድክመት ሲያዙ አይቶ ጽፎ ነበር፤ ዝናው ግን ለፈረንሳዊው ሆነ። መንስኤው እስኪታወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 ቦስተን ውስጥ በሉዊስ ከንከል የሚመራው ቡድን ጉድለቱ ያለበትን ዘረ መልና ያ ዘረ መል የሚሠራውን ፕሮቲን አገኘ። ፕሮቲኑ ዲስትሮፊን ተባለ። ዘረ መሉ በሰው ልጅ ከሚታወቁት ሁሉ ከረጅሞቹ አንዱ ሲሆን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ፊደላትና 79 ክፍሎች አሉት። ይህን የሚያህል ረጅም ጽሑፍ በትውልድ ቅብብል ሲገለበጥ አንድ ቦታ ላይ መሳሳቱ የሚያስገርም አይደለም።

የዲስትሮፊን ሥራ የድንኳን ካስማን ይመስላል። የጡንቻውን ሕዋስ የውስጥ አውታር ከውጭኛው ሽፋን ጋር አያይዞ ይይዛል። ካስማው ሲጠፋ ጡንቻው በተኮማተረና በተዘረጋ ቁጥር ሽፋኑ ይሰነጠቃል፤ ሰውነት ይጠግነዋል፤ እንደገና ይሰነጠቃል። በመጨረሻ የመጠገን አቅሙ ያልቅና ቦታው በስብና በጠባሳ ይሞላል። ልብም ጡንቻ ነው፤ መተንፈስም የጡንቻ ሥራ ነው። ስለዚህ በእግር የጀመረው ድክመት በእግር አያበቃም። ሕክምና ካልተደረገ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ 12 ዓመት ከመሙላቱ በፊት መራመድ ያቆማል። ከዚያ እጆቹ ይደክማሉ፣ አከርካሪው ይጣመማል፤ በአሥራዎቹ መጨረሻ ትንፋሹና ልቡ ይታወካሉ። ማሰብና ማፍቀር፣ መቀለድና መናደድ ግን እንዳሉ ይቆያሉ።

ዘረ መሉ የሚገኘው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ወንድ ልጅ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ስለሆነ በሽታው ባመዛኙ ወንዶችን ይይዛል፤ ከ3,500 እስከ 5,000 ከሚወለዱ ወንዶች በአንዱ ላይ ይከሰታል። ዘርና አገር አይመርጥም። ጉድለቱን የተሸከመች እናት የምትወልደው እያንዳንዱ ወንድ ልጅ የመታመም፣ እያንዳንዷ ሴት ልጅ ደግሞ ተሸካሚ የመሆን ዕድላቸው ግማሽ በግማሽ ነው። «በእናት በኩል ይመጣል» የሚለው አባባል ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሦስት ታማሚዎች በአንዱ ገደማ ጉድለቱ በልጁ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው፤ እናቲቱ ምንም አልተሸከመችም። ብትሸከምም የመረጠችው ነገር አይደለም። ይህን ለባልና ለአማች በግልጽ ማስረዳት የሕክምናው አካል ነው፤ ስንት ትዳር በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር መዳን ይችል ነበር። ተሸካሚ ሴቶች ራሳቸውም የልብ ድካም ሊይዛቸው ስለሚችል ልጁን ሲያስታምሙ የራሳቸው ልብ በየጊዜው መታየት አለበት።

ሕመሙ በጊዜ የሚታወቅበት አጋጣሚ አነስተኛ ነው። በሀብታም አገሮች እንኳ ምልክቱ ከታየ በኋላ ስሙ እስኪሰጠው ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ሲያልፍ ይታያል። «ሰነፍ ነው»፣ «ወፍራም ስለሆነ ነው»፣ «ያድግበታል» እየተባለ ጊዜው ይሄዳል። መነሻው ምርመራ ግን ቀላል የደም ምርመራ ነው። ጡንቻ ሲሰነጠቅ ክሬያቲን ካይኔዝ የተባለ ኢንዛይም ወደ ደም ይፈሳል፤ በእነዚህ ልጆች ደም ውስጥ ያለው መጠን ከተለመደው በአሥር እጥፍ፣ አንዳንዴም በመቶ እጥፍ ይበልጣል። ሐኪሞችን ጭምር የሚያሳስት ወጥመድም አለ። የጉበት ምርመራ ተብለው የሚታወቁት ሁለት ኢንዛይሞች ከጡንቻም ስለሚወጡ ልጁ የጉበት ሕመምተኛ ይመስላል። ጉበቱ ሲመረመር፣ አልፎ ተርፎም በመርፌ ናሙና ሲወሰድለት የቆየ፣ ጡንቻውን ግን ማንም ያላየለት ልጅ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ የተለመደ ታሪክ ነው። የደም ምርመራው ጥርጣሬ ሲፈጥር ማረጋገጫው የዘረ መል ምርመራ ነው።

ፈውስ ከሌለ ቶሎ ማወቁ ምን ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሣል። አንደኛው መልስ እናቲቱ ሌላ ልጅ ከመጸነሷ በፊት የማወቅ መብት አላት የሚል ነው። ሁለተኛውና ብዙም የማይነገረው ግን ያለ ፈውስም ቢሆን የእነዚህ ልጆች ዕድሜ በአንድ ትውልድ ውስጥ እጅግ መርዘሙ ነው።

በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የኒውካስል ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ጥናት ይህን በቁጥር ያሳያል። በ1960ዎቹ በዚያ ክሊኒክ የታዩ ታማሚዎች በአማካይ በ14.4 ዓመታቸው ይሞቱ ነበር፤ 25 ዓመት የደረሰ አንድም አልነበረም። ከ1990 በኋላ በቤታቸው ሌሊት ሌሊት በመተንፈሻ መሣሪያ የታገዙት አማካይ ዕድሜ ወደ 25.3 ከፍ አለ፤ 25 ዓመት የመድረስ ዕድላቸውም 53 በመቶ ሆነ። በእነዚያ ዓመታት በሽታውን የሚፈውስ መድኃኒት አልተገኘም። የተለወጠው የአያያዙ ሥርዓት ነው።

የትንፋሹ ችግር በሌሊት የሚጀምርበት ምክንያት አለው። ሰው ሲተኛ አተነፋፈሱ ይቀንሳል፤ የደከመ ደረት ደግሞ ከዚያ በላይ ይቀንሳል። የተቃጠለ አየር በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ልጁ ትንፋሽ አጠረኝ አይልም፤ ጠዋት ራሱን ያመዋል፣ ቁርስ ያስጠላዋል፣ ሌሊት ይቃዣል፣ ደጋግሞ ይነቃል፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ይህን የሚያውቅ አስታማሚ ሐኪሙን ይቀድማል። መፍትሔው በአፍንጫ ጭምብል አየር የሚገፋ፣ አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ አነስተኛ መሣሪያ ነው። ከዚያ በፊትም የሚሠራ ነገር አለ። ደካማ ደረት አክታ ማውጣት አይችልም፤ ተራ ጉንፋን ወደ ሳንባ ምች የሚለወጠው በዚህ ነው። በየሆስፒታሉ ያለው በእጅ የሚጨመቅ የአየር ኳስ አየር በአየር ላይ ደራርቦ ደረቱን እየሞላ ጠንካራ ሳል እንዲያስል ይረዳዋል። የኢንፍሉዌንዛና የሳንባ ምች ክትባቶችም ከዚሁ ይመደባሉ።

ልብን በተመለከተ ያለው ማስረጃ ከፈረንሳይ የመጣ ነው። ሐኪሞች የልባቸው አሠራር ገና ያልተነካ ልጆችን ለሁለት ከፍለው ለአንደኛው ወገን ፔሪንዶፕሪል የተባለውን የደም ግፊት ክኒን አስቀድመው ጀመሩለት፤ ሌላው ወገን ከዓመታት በኋላ ጀመረ። አሥር ዓመት ሲሞላ ቀድመው ከጀመሩት 28 ልጆች 26ቱ በሕይወት ነበሩ፤ ዘግይተው ከጀመሩት 29 ግን 19 ብቻ። ስለዚህ ዛሬ ልቡ ደህና ቢመስልም ልጁ አሥር ዓመት ሲሞላው ከፔሪንዶፕሪል ወገን የሆነ ክኒን እንዲጀመርለት ይመከራል። ሕመም እስኪሰማው መጠበቅ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም የማይሮጥና ደረጃ የማይወጣ ልጅ የልብ ድካሙን የሚያውቅበት አጋጣሚ የለውም።

ከመተንፈሻ መሣሪያውና ከልብ ክኒኑ ቀጥሎ ሦስተኛው ስቴሮይድ ነው። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴፍላዛኮርት በየቀኑ ሲወሰድ የመራመጃውን ዘመን በሁለት በሦስት ዓመት ያራዝማል፤ አከርካሪ እንዳይጣመም ይረዳል፤ ትንፋሽንም ያቆያል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ፊት ያብጣል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ቁመት ይገታል፣ ጉርምስና ይዘገያል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ጠባይም ይለወጣል። ወላጆች ከሐኪሙ ጋር ቁጭ ብለው ትርፉንና ኪሳራውን ሊመዝኑ ይገባል። አንድ ነገር ግን ድርድር የለውም፤ ለወራት የተወሰደ ስቴሮይድ በድንገት አይቋረጥም። መድኃኒት ቤት ስላለቀ፣ ጾም ስለገባ፣ ወይም ወደ ጸበል ስለተሄደ በአንድ ቀን የተቋረጠ ክኒን ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል፤ ሰውነት የራሱን ሆርሞን መሥራት አቁሟልና።

ከክኒኑ ጎን የዕለት ተዕለት ሥራ አለ። ቁርጭምጭሚት እንዳይታሰር በየቀኑ በዝግታ መለጠጥ፤ ሌሊት የእግር መደገፊያ ማድረግ፤ ቀን ደግሞ በልኩ በተሠራ ወንበር መቀመጥ። ጉልበት ይጨምርለታል ተብሎ ልጁን ቁልቁለት ማስወረድና ከባድ ስፖርት ማሠራት ጡንቻውን ይበልጥ ይሰነጥቀዋል፤ ዋና ግን ይስማማዋል። ተሽከርካሪ ወንበርን በተመለከተ ብዙ ወላጆች እንደ ሽንፈት ስለሚያዩት እስከ መጨረሻው ያዘገዩታል። ልጁ ዘንድ ያለው ስሜት ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ በመውደቅ ፍርሃት የተዋጠ ልጅ ወንበር ሲያገኝ ከጓደኞቹ ጋር እኩል መድረስ ይጀምራል።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ስህተት የዓመታትን ክትትል በአንድ ሌሊት ያበላሻል። አንዳንድ የሚሸተቱ ማደንዘዣዎችና ሰክሲኒልኮሊን የተባለው ጡንቻ ማላያ መድኃኒት በእነዚህ ታማሚዎች ላይ ጡንቻን አፍርሰው ልብን ሊያቆሙ ይችላሉ። ትንፋሹ የደከመን ልጅ በአየር መግፊያ መሣሪያ ሳያግዙ ኦክስጅን ብቻ መስጠትም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ የተቃጠለው አየር ይበልጥ ይጠራቀማልና። እግሩ ተሰብሮ የመጣ ልጅ በድንገት ትንፋሽ ቢያጥረው ከአጥንቱ የወጣ ስብ ወደ ሳንባ መሄዱ ሊጠረጠር ይገባል። ተረኛው ሐኪም ይህን ሁሉ በቃሉ እንዲያውቅ አይጠበቅም። በብዙ አገሮች ታማሚው እነዚህን ማስጠንቀቂያዎች የያዘ ካርድ በኪሱ ይዞ ይዞራል። ካርዱን ለማዘጋጀት አንድ ወረቀትና የአንድ ሐኪም ፊርማ ይበቃል።

የዚህ ሁሉ ችግሩ መበታተኑ ነው። ልብን አንዱ፣ ሳንባን ሌላው፣ አጥንትን ሦስተኛው ያያል፤ ትምህርት ቤቱ አንዱንም አያውቅም። ቤተሰቡ በየቢሮው ታሪኩን ከመጀመሪያ እየተናገረ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ ባለሙያዎች የጋራ የአያያዝ መመሪያ አወጡ፤ በ2018 ደግሞ አሻሻሉት። ዋናው ነጥቡ ታማሚው በአንድ ቡድን ሥር እንዲታይና ቤተሰቡ የሚደውልለት አንድ አስተባባሪ እንዲኖር ነው። መመሪያ መኖሩ ግን አይበቃም። በ2009 በብሪታንያ ፓርላማ አባላት የተደረገና በሎርድ ዋልተን የተመራ ጥናት ታማሚዎች የሚያገኙት የልዩ ሐኪም ክትትል እንደሚኖሩበት አካባቢ እጅግ እንደሚለያይ አሳይቷል። ዋልተን ራሳቸው ዕድሜያቸውን በጡንቻ በሽታ ምርምር ያሳለፉ የኒውካስል ሐኪም ነበሩ።

ሕክምናው ዕድሜውን ሲያረዝም ማንም ያላሰበበት ጥያቄ መጣ። ለልጅነት ብቻ የተዘጋጀ አገልግሎት ጢም ያወጣን ሰው ምን ያድርገው? የሕፃናት ክሊኒክ በሩን ይዘጋል፤ የአዋቂዎች ሐኪም ደግሞ በሽታውን አይቶት አያውቅም። ትምህርት ቤትም «ለምን ይጨነቃል» ብሎ ያሳለፈው ልጅ ሥራ የሚያስገኝ ሙያ ሳይዝ ሃያ ዓመት ሞላው።

ለዚህ ጥያቄ ቀድማ መልስ የሞከረችው ዴንማርክ ነች። እ.ኤ.አ. በ1971 የተመሠረተውና ራሱ በጡንቻ በሽታ የተያዘው ኤቫል ክሮ የመራው ማኅበር ታማሚ ሰው በተቋም መኖር ወይም የእናቱ ሸክም መሆን የለበትም ብሎ ተነሣ። በኦርሁስ ከተማ የተጀመረውና በኋላ በአገሪቱ የተስፋፋው አሠራር ግልጽ ነው። ረዳቶቹን የሚቀጥረው፣ የሚያዘውና ሰዓታቸውን የሚወስነው አካል ጉዳተኛው ራሱ ነው፤ ደመወዙን ማዘጋጃ ቤቱ ይከፍላል። ሌሊት መሣሪያውን የሚያስተካክል፣ ጠዋት የሚያለብስ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርስ ሰው አለ፤ እናት እናት ሆና ትቀራለች። እ.ኤ.አ. በ2005 በዚያው አገር የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 42 የሆኑ ስልሳ አምስት የዱሼን ታማሚዎችን አነጋገረ። አብዛኞቹ በኑሯቸው ረክተዋል፤ ስለ በሽታቸው እምብዛም አይጨነቁም። የጎደለንን ተናገሩ ሲባሉ ያነሡት ለሥራ የሚያበቃ ትምህርትንና የፍቅር ጓደኛን ነው። ሃያ ዓመት አይሞላቸውም የተባሉ ሰዎች ቅሬታቸው የማንኛውም ጎልማሳ ቅሬታ ሆነ።

ፈረንሳይ ሌላ መንገድ ያዘች። አራት ወንዶች ልጆቿ በዱሼን የተያዙ ዮሌን ደ ኬፔር የተባለች እናት እ.ኤ.አ. በ1958 የታማሚ ቤተሰቦችን ማኅበር መሠረተች። ማኅበሩ በ1987 ቴሌቶን የተባለውን የቴሌቪዥን የገንዘብ ማሰባሰቢያ ጀመረ። ከዚያ በተገኘ ገንዘብ የቆመው ዤኔቶን የተባለ ላቦራቶሪ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሰውን ዘረ መል የመጀመሪያ ካርታዎች ካወጡት አንዱ ነበር። የእናቶች ስብሰባ የጀመረው ነገር እዚያ ደረሰ።

የአእምሮው ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዲስትሮፊን በአንጎልም ውስጥ ስለሚሠራ አንዳንዶቹ ልጆች ማንበብና በቃል የተነገራቸውን መያዝ ይከብዳቸዋል፤ ትኩረት የሚያንሳቸው ወይም ኦቲዝም ያለባቸውም አሉ። ከእግሩ በፊት ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያስቀረው ይኸኛው ሊሆን ይችላል። ለልጁ እውነቱን መንገርም አለ። ወላጅ እንደ መርዶ ደብቆ ይይዘዋል፤ ልጁ ግን ከፊታቸው ያነበዋል። በዕድሜው ልክ፣ በጠየቀው ልክ፣ በትንሽ በትንሹ መንገር በብቻው ከመፍራት ያድነዋል። እህትና ወንድሞቹም ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ቤቱ ሁሉ በአንድ ልጅ ዙሪያ ሲሽከረከር እነሱ ድምፅ ሳያሰሙ ያድጋሉ።

ወሬውን የሚቆጣጠሩት ግን አዳዲሶቹ መድኃኒቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኢቴፕሊርሰንን ፈቀደ፤ የሚያገለግለው ከመቶ 13 ለሚሆኑት ታማሚዎች ብቻ ነው፤ ማስረጃውም ብዙ አከራክሯል። በ2023 አጭር የዲስትሮፊን ዘረ መል በቫይረስ አሸክሞ ወደ ጡንቻ የሚያስገባው ኤሌቪዲስ ተፈቀደ። ሲፈቀድ የአንድ ጊዜ ሕክምናው ዋጋ 3.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2025 መራመድ ያቆሙ ሁለት ታዳጊዎች መድኃኒቱን ከወሰዱ በኋላ በጉበት መድከም ሞቱ፤ አጠቃቀሙም ተገደበ። ምርምሩ መቀጠሉ ግድ ነው፤ አንድ ቀንም ይሳካ ይሆናል። ይሁንና ያለውን ቅርስ ሸጦ፣ ገንዘብ ለምኖ ባሕር ማዶ ለመሄድ የሚነሣ ቤተሰብ እስካሁን ዕድሜ ያራዘሙት ነገሮች የትኞቹ እንደሆኑ ሊነገረው ይገባል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ቤተሰብ ይህን ዝርዝር ሲያይ ሁለት ዓይነት ነገር ያገኛል። ከባዱ ወገን የዘረ መል ምርመራው፣ ባትሪ ያለው መተንፈሻ መሣሪያ፣ መብራት ሲጠፋ የሚተካው ኃይል፣ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምናው ነው። ቀላሉ ወገን ደግሞ ፕሬድኒሶሎንና ኢናላፕሪል ናቸው፤ ሁለቱም በዓለም ጤና ድርጅት አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያሉና ርካሽ ናቸው። ኢናላፕሪል በፈረንሳይ ከተሞከረው ክኒን ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። የልብ አልትራሳውንድ፣ የአየር ኳሱ፣ ክትባቱ፣ የጠዋት ማታ መለጠጡ፣ የማስጠንቀቂያ ካርዱም ከአቅም በላይ አይደሉም። ክፍሉን ከፎቅ ወደ ምድር ቤት ማውረድ ለአንድ ርዕሰ መምህር የአንድ ቀን ሥራ ነው። አገሪቱ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። ስምምነቱ በተግባር እስኪውል ግን ልጁን አዝሎ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ወንድሙ ነው፤ ሌሊት የሚገለብጠው እናቱ ናት። ደመወዝ የሌለው፣ ተተኪ የሌለው፣ በማንኛውም መዝገብ የማይገኝ ሥራ ነው። በጎረቤትና በዕድር ተራ ተገብቶ ለእናቲቱ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት ቢገኝ ከብዙ መድኃኒት አይተናነስም።

አንድ ዓመት ከስድስት ወር አልፎት ያልተራመደ፣ ወይም በአራት ዓመቱ ጭኑን እየተደገፈ ከመሬት የሚነሣ ወንድ ልጅ በቤትም ሆነ በጎረቤት ካለ፣ «ያድግበታል» ብሎ ሌላ ዓመት ከመጠበቅ ክሬያቲን ካይኔዝ እንዲታይለት ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል።